12ኛ ክፍል ሆኜ የሠራሁት የመዝናኛ ፓርክ ሥራ፦ ለሚጠይቁኝ ሁሉ

ጥያቄው በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ከቅዳሴ ወጥተን ቅጥር ግቢው ውስጥ ስንቆም፣ የእናቴ ጓደኞች ቡና ሲጠጡ፣ በዘመድ ስልክ። «ልጄ 17 ሞላት። አንቺ የሠራሽበት ፓርክ እንዴት ነው? ላስገባት?» ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ሁልጊዜ የምረሳው ነገር አለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ጻፍኩት። ይሄን የምጽፈው በጃንዋሪ 2025 ነው። ፓርኮቹ ለሚመጣው ወቅት ሰው መቅጠር የሚጀምሩት በዚህ ሰሞን ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት 8ኛ ክፍል ጨርሼ ነው። በ2024 ሲኒየር፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሠራሁ። የተመደብኩት ሮለር ኮስተር ላይ ነው፤ ሰው ተሳፍሮበት ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የመጫወቻ ባቡር። የልጆችን ቁመት እለካለሁ፣ ሰው አስቀምጣለሁ፣ ቀበቶውና ብረቱ በደንብ መዘጋቱን አያለሁ። የፓርኩን ስም አልጠራም። ጥሩውንም መጥፎውንም ሳልሳቀቅ ለመጻፍ ብዬ ነው።

መልሱን ከመጀመሪያው ልስጣችሁ። አዎ፣ አስገቧት። ግን ለገንዘቡ ብላችሁ አይሁን።

ገንዘቡን ካነሳሁ አይቀር ከእሱ ልጀምር። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። እኔም 15 አገኛለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የተሰጠኝ 13 ዶላር ከ50 ነው። የተታለልኩ መስሎኝ በጣም ተናደድኩ። በኋላ ሳጣራ ሕጉ ይፈቅዳል። 18 ዓመት ላልሞላው ሠራተኛ ከዝቅተኛው ክፍያ 85 በመቶውን መክፈል ይቻላል። ያ 12 ዶላር ከ75 ማለት ነው። ጁን ላይ 18 ሲሞላኝ ይጨመርልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተጨመረም። መስፈርቱን የሚያሟሉ የመዝናኛ ቦታዎችም ለአዋቂ ሠራተኛ ሳይቀር በዚያው 85 በመቶ መክፈል ይችላሉ።

ኦቨርታይምም፣ ማለትም በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠሩት የሚጨመረው ክፍያ፣ እንደዚሁ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በዓመት ከሰባት ወር በላይ የማይሠራ የመዝናኛ ቦታ ኦቨርታይም እንዲከፍል አያስገድድም። ጁላይ ላይ አንድ ሳምንት 52 ሰዓት ሠራሁ። 702 ዶላር ሆነ። ሌላ ቦታ ቢሆን ከ40 በላይ ያሉት 12 ሰዓታት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈልባቸውና 783 ይሆን ነበር። 81 ዶላር ለተማሪ ብዙ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ይሄን የነገረኝ ሰው የለም። ልጃችሁ ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ ራሷ ትጠይቅ፦ በሰዓት ስንት ነው፣ 18 ሲሞላኝ ይጨምራል ወይ፣ ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራሁስ?

የመጀመሪያው ቼኬ የ27 ሰዓት ነበር። 364 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለመንግሥት ጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ ወደ 28 ዶላር ገደማ ሄደ። ያ አይመለስም። የገቢ ግብር ግን ሌላ ነገር ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ብዙ ሰዓት ስሠራ የገቢ ግብርም ይቆረጥብኝ ጀመር። ወላጆቹ በታክሳቸው ላይ የሚያስመዘግቡት ተማሪ በ2024 ከደሞዝ ያገኘው በሙሉ ከ14,600 ዶላር ካልበለጠና ሌላ ገቢ ከሌለው የፌዴራል የገቢ ግብር አይደርስበትም። ያለፈው ዓመት ግብር ያልነበረበትና ዘንድሮም የማይደርስበት ልጅ ሲቀጠር በሚሞላው ደብሊው ፎር የሚባል ቅጽ ላይ «ኤግዘምፕት» (ግብር አይቆረጥብኝ) ብሎ መጻፍ ይችላል። እኔ አላወቅኩም። ቅጹን ዝም ብዬ ፈርሜ ሰጠሁ። አሁን ደብሊው ቱ የሚባለውን፣ የዓመቱን ደሞዝና የተቆረጠውን የሚያሳየውን ወረቀት እየጠበቅኩ ነው። አሠሪው እስከ ጃንዋሪ 31 መላክ አለበት። ታክስ ሞልቼ የተቆረጠውን አስመልሳለሁ። ብዙ የኛ ልጆች «ትንሽ ነው የሠራሁት» ብለው ታክስ አይሞሉም። ገንዘባቸው እዚያው ይቀራል። እባካችሁ እንዳትተዉት።

ስለ ወረቀት ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ 18 ያልሞላው ሰው «ዎርክ ፐርሚት» (የሥራ ፈቃድ) ሳይዝ ሥራ መጀመር አይችልም። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ደነገጠች። «እኛ ግሪን ካርድ አለን፣ ምን ሆነሽ ነው ዎርክ ፐርሚት የምትጠየቂው?» አለች። አባዬም ቀጣሪው ጠበቃ የሚያስፈልገው ነገር ሊያመጣብን ነው ብሎ ሰጋ። ከኢሚግሬሽኑ ወረቀት ጋር በስም ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ይሄኛው አሜሪካ ለተወለደም ልጅ ግዴታ ነው። ከስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይሞላል። ልጅ፣ ወላጅና አሠሪ ይፈርሙበታል። አለቀ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የሰዓት ሕግ አለ። ወላጆች ብታውቁት ጥሩ ነው። 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በአንድ ቀን ትምህርትና ሥራ ተደምሮ ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከትምህርትም ከሥራም ነፃ የሆነ ስምንት ተከታታይ ሰዓት ማግኘት አለባቸው። አምስት ሰዓት በተከታታይ ከሠሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እረፍት አላቸው። ሜይ ላይ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀጥታ እንድገባ ተጠየቅኩ። ትምህርት ቤት ሰባት ሰዓት ውያለሁ። ለሥራ የሚተርፈኝ አምስት ነው። የተጻፈልኝ ስድስት ተኩል ነበር። በመጀመሪያ ዝም አልኩ። የኛ ሰው አለቃን መናገር ያስፈራዋል፤ እኔም ፈራሁ። ከዚያ ስልኬ ላይ ሕጉን ከፍቼ ለሱፐርቫይዘሯ አሳየኋት። ወዲያው አስተካከለችው፤ ምንም አልተቆጣችም። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ የትኛው ልጅ የትኛው ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደዋለ አያውቅም። ልጁ ራሱ ማወቅ አለበት።

ፓርኩ በአፕሪል የሚከፈተው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ከሜሞሪያል ዴይ (የሜይ መጨረሻ በዓል) ጀምሮ በየቀኑ ይሆናል። ትምህርት ሲጀመር ወደ ቅዳሜና እሁድ ይመለሳል፤ ሃሎዊን ሲያልፍ ይዘጋል። ከትምህርት ቤት ካላንደር ጋር እንዲህ የተገጣጠመው በአጋጣሚ አይደለም። ፓርኮች የሚቆሙት በተማሪ ጉልበት ነው። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1986 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ልዩ ፈቃድ ካላገኙ በቀር ከሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር መጀመሪያ በዓል) በፊት እንዳይከፍቱ የሚከለክል ሕግ ነበር። ሰዉ በዚያው ስቴት ባለ ትልቅ ፓርክ ስም «የኪንግስ ዶሚኒየን ሕግ» ነበር የሚለው። የቱሪዝም ሥራው እስከ ኦገስት መጨረሻ ደንበኛም ሠራተኛም እንዳያጣ ይደግፈው ነበር። የላላው በ2019 ነው። ይሄን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ነው። ኦገስት ላይ አለቆቻችን «እስከ ሌበር ዴይ ብቻ ቆዩልን» እያሉ ሲለምኑን ትዝ አለኝ። ያኔ እኛ ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደምንፈለግ ገባኝ። የሚፈለግ ሰው ደግሞ ቀን ለመቀየር መጠየቅ ይችላል።

መጠየቅን የተማርኩት ግን በፋሲካ ተቃጥዬ ነው። በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ነበር። የኛ ሜይ 5 ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2016። ስቀጠር የማልችልባቸውን ቀኖች እንድሞላ ቅጽ ተሰጥቶኝ ነበር። «ኢስተር» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን አልጻፍኩም። እነሱም ማርች 31 ዕረፍት አሉኝ፤ ያኔ ገና ፓርኩ አልተከፈተም። ሜይ 5 እሁድ ግን በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 9 ተኩል ግቢ ይላል ፕሮግራሙ። ብናገር «ኢስተር እኮ አለፈ» ተባልኩ። እንዲህ ያለችኝን ልጅ አልወቅስም፣ የኛን አታውቅም። ቅዳሜ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሬ፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ገብቼ፣ ዶሮውን ቀምሼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ተኝቼ ሄድኩ። በማግስቱ ሜይ 6 የኤፒ ፈተናዎች (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች ፈተና) ይጀምሩ ነበር። የኔ የመጀመሪያው ፈተና በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ውጤቴ ጥሩ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቀን በጣም ያሳዝናል፤ ደግሞ ማስቀረት ይቻል ነበር። በዓላችሁን በስም ሳይሆን በቀን ጻፉ። ፋሲካን ብቻ ሳይሆን ፕሮምን (የተማሪዎቹን የጭፈራ ምሽት)፣ ፈተናን፣ የምረቃውን ልምምድ ሁሉ። እነዚህ በሙሉ የሚመጡት በሜይና በጁን መጀመሪያ ነው፤ ሲኒየር የሆነ ልጅ በጣም የሚጨናነቅበት ጊዜ ያ ነው።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ።

ሥልጠናው እንደዚህ የጠነከረ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁለት ቀን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ተማርን። ከዚያ ጨዋታው ላይ ከነባር ሠራተኛ ጋር ቆመን ሠራን። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ቀጥሎ በተግባር። ላንድ ወንበር የሚደረገው ነገር ለሁሉም ወንበር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረጋል። ቀበቶውን ጎትቺ። ብረቱን ወደ ታች ግፊ። ወደ ላይ ሳቢ። ወደሚቀጥለው እለፊ። ደንበኛው «ዘግቼዋለሁ» ቢልም ትስቢያለሽ። ጨርሰሽ ከባቡሩ ርቀሽ ትቆሚያለሽ። አውራ ጣትሽን ታነሺያለሽ። ሁሉም ሠራተኛ አውራ ጣቱን ካላነሳ ባቡሩ አይነሳም። በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሳብኩ አላውቅም። ማታ አልጋዬ ላይ ተኝቼ እጄ ይስብ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከኛ በፊት መካኒኮቹ ይመጣሉ። ሐዲዱን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን አይተው ይፈርማሉ። ከዚያ እኛ ባዶውን ባቡር ደጋግመን እንልካለን። ሰው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሜሪላንድ የሠራተኛ መሥሪያ ቤትም የራሱ መርማሪዎች አሉት። እናቴ እነዚህን ጨዋታዎች በጣም ትፈራ ነበር። ይሄን ስነግራት ትንሽ ቀለላት። እስካሁን ግን አልተሳፈረችም።

መቆጣጠሪያው አጠገብ አንድ ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ አለ። የመጀመሪያ ቀን የተነገረን «ከተጠራጠራችሁ ተጫኑት፣ ማንም አይቆጣችሁም» ነው። ነሐሴ አካባቢ አንድ ቀን ባቡሩ ሊነሳ ሲል አንድ ልጅ የወደቀ ኮፍያውን ሊያነሳ እጁን በጎን ሲሰድ አየሁ። ተጫንኩት። ባቡሩ ቆመ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው አጉረመረመ። ሁሉንም ወንበር እንደገና መፈተሽ ነበረብን። ሰባት ደቂቃ ጠፋ። ሱፐርቫይዘሯ መጣች። ልቤ ይመታል። «ደግ አደረግሽ» ብቻ ብላኝ ሄደች። ትምህርት ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛዬ እንዳይሳቅበት ዝም ብዬ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ሰው በኔ ውሳኔ ላይ እንዲህ ሲተማመን የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለ ቁመቱ ልንገራችሁ። በኔ ሮለር ኮስተር ለመሳፈር 48 ኢንች መሆን ግዴታ ነው። 122 ሴንቲሜትር ማለት ነው። መግቢያው ላይ መለኪያ እንጨት አለ። ልጁ ጀርባውን ይሰጣል፣ ተረከዙን መሬት ያስነካል፣ አናቱ እንጨቱን ከነካ ያልፋል። ካልነካ አያልፍም። ብረቱ የሚይዘው ጭንና ወገብን ነው። የተሠራው የተወሰነ መጠን ላለው ሰውነት ነው። ለትንሽ ልጅ ክፍተት ይተርፋል። ኢንቹ የተቆረጠው ለዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ፍልሰታ ጾም ላይ ነው፣ ሰልፉ ሃምሳ ደቂቃ ደርሷል። እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች መጡ። ትልቁ አለፈ። ትንሹን ሳቆመው እናቱ ጎንበስ ብላ በአማርኛ «በጣትህ ቁም፣ በጣትህ» አለችው ቀስ ብላ። እኔ ኮፍያም መነጽርም አድርጌያለሁ። አላወቀችኝም። ልጁ ተንጠራራ። እንጨቱን ነካ። ለአንድ ሰከንድ ያልሰማሁ መሆን እችል ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ተረከዙ መሬት መንካት አለበት» አልኩ።

ደነገጠች። ወዲያው ፊቷ በራ። «እንዴ! አበሻ ነሽ እንዴ?» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «የኛው ልጅ ናት!» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «በናትሽ የኔ ቆንጆ፣ ከሩቅ ነው የመጣነው። ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ብቻ ነው ሲል የዋለው። በማርያም፣ አንዴ ብቻ።»

ይሄን የማያውቅ አበሻ የለም። ያደግነው በዚህ ነው። ትልቅ ሰው በማርያም ብሎ ሲለምንሽ እንቢ አይባልም። እጅሽን ይዞ ሲለምንሽ ደግሞ ጭራሽ። ከኋላዬ ያለው የሥራ ጓደኛዬ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ዘመዶቼ መስለውታል። አፌ ደረቀ። ልጁን በትክክል ለካሁት። ሁለት ጣት ያህል ይጎድለዋል።

«እትዬ፣ አልችልም። ብረቱ እሱን አይይዘውም። ቢያልፍ የሚጎዳው እሱ ነው» አልኳት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። እንቢ ያልኳት ግን በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ማለት በጣም ቀላል ነበር። እንግሊዝኛ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ከኋላው ተደብቆ መናገር ይቻላል። በአማርኛ ግን እኔው ነኝ እንቢ ያልኩት።

እጄን ለቀቀችኝ። «እሺ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። አባትየው «ተያት፣ ሥራዋ ነው» አላት። ልጁ እያለቀሰ ሄደ። አባቱ ትልቁን ይዞ ተሳፈረ። ብረታቸውን ስስብ አባትየው ዓይኔን አላየኝም።

ማታ አባዬ ሊወስደኝ ሲመጣ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ነዳ። ከዚያ «ልጁ ዛሬ ማታ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «በቃ» አለ።

ለዚህ ነው አስገቧት የምለው። እኔ ያደግኩበትን ይሉኝታ እወደዋለሁ። ሰው ማክበር ነው፤ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። ግን ከእሱ ጋር አብሮ «አይሆንም» ማለትም መኖር እንዳለበት ማንም በቃል አላስተማረኝም። ያንን የተማርኩት እዚያ እንጨት አጠገብ ነው።

ስለ አባዬ ካነሳሁ፣ የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ትራንስፖርት ነው። ፓርኩ ከቤታችን በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። ማታ በምንወጣበት ሰዓት የሚያመች አውቶቡስ የለም። መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። አባዬ ኡበር ይነዳል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ለኡበር ነጂ የሳምንቱ ጥሩ ማታ ነው። በየሳምንቱ ያን ሰዓት እኔን ለመውሰድ ይመጣል። አንድ ቀን ሂሳቡን ሠራሁት። ስምንት ሰዓት ተኩል ሠርቼ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ሲነሳ ወደ 106 ዶላር ይደርሰኛል። አባዬ በእኔ ምክንያት የሚያጣው ከዚያ ብዙ የሚያንስ አልነበረም። እሱ አንድም ቀን አላነሳውም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ቆጥሬም በጣም አዘንኩ። ከጁላይ በኋላ መኪና ካላት የሥራ ጓደኛዬ ጋር መሄድ ጀመርኩ፤ ለቤንዚን በቀን አምስት ዶላር እሰጣታለሁ። ከመጀመሪያው ብጠይቅ ኖሮ የአባዬ ስንት ቅዳሜ ይተርፍ ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የምታስቡ ደግሞ ቀድማችሁ ጀምሩ። ሜሪላንድ ውስጥ 18 ያልሞላው ልጅ ለርነር ፐርሚቱን (የተለማማጅ ፈቃዱን) ዘጠኝ ወር መያዝ፣ ከአዋቂ ጋር ደግሞ 60 ሰዓት መንዳት አለበት።

ሌላው ቅሬታዬ የዝናብ ቀን ነው። መብረቅ ሲቃረብ ጨዋታዎቹ ይዘጋሉ፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ዝናቡ ከቀጠለ «ቤታችሁ ሂዱ» እንባላለን። ለስምንት ሰዓት ሥራ አርባ ደቂቃ ተነድቶ ተመጥቶ የሁለት ሰዓት ተኩል ክፍያ ይዞ መመለስ አለ። አራት ጊዜ ደርሶብኛል። በወሩ መጀመሪያ የተሰጠኝን ፕሮግራም አይቼ ይሄን ያህል አገኛለሁ ብዬ ማቀድ አልቻልኩም። ለኮሌጅ ቁርጥ ያለ ገንዘብ የሚያስፈልገው ልጅ ሱቅ ውስጥ ወይም ካፌ ቢሠራ ይሻለዋል። ይሄን በግልጽ እናገራለሁ።

ሙቀቱ ከባድ ነው። ጁላይ ላይ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ያውም እንደ አዲስ አበባ ደረቅ ፀሐይ አይደለም፤ ሸሚዝ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ውኃ ይሰጡናል፣ ቦታም በየሰዓቱ ያቀያይሩናል። ለዚህ አመሰግናለሁ። ጫማ ላይ አትሰስቱ። እኔ ጥቁር ይሁን ስለተባልኩ በ25 ዶላር ርካሹን ገዛሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተረከዜ ላይ መቆም አቃተኝ። ሁለተኛውን በ70 ገዛሁ፤ እስከ ኦክቶበር አደረሰኝ። ካልሲም ሁለት ይያዝ። እኩለ ቀን ላይ መቀየር እንዴት እንደሚያሳርፍ የሠራ ያውቀዋል።

ለጿሚ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። የተጠበሰ ድንችና ዳቦ ነው። ዐቢይ ጾም በአፕሪል ሙሉ ነበር፣ ፍልሰታ በኦገስት። እረፍቱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ አሥር ደቂቃው በመሄድና በመመለስ ያልቃል። እናቴ በሶ ጨብጣ ትሰጠኝ ነበር። ለዚህ ሥራ ከበሶ የተሻለ ምግብ አላገኘሁም። አይበላሽም፣ አይሞቅም፣ በሦስት ደቂቃ ይበላል፣ እስከ ማታ ይይዛል። አብራኝ የምትሠራ ከጃማይካ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ለበጋ ሥራ ጄ ዋን በሚባለው ቪዛ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አንድ ቀን አቀመስኳት። ከዚያ ወዲህ «ያ ቡናማው ዳቦ» እያለች ትጠይቀኛለች። እሷን ሳይ የኔ ድካም ይቀለኝ ነበር። እኔ ማታ እናቴ ቤት ነው የምገባው። እሷ ከአምስት ልጆች ጋር ነው የምትኖረው፤ ኪራዩም ከቼኳ ላይ ይቆረጣል።

ዩኒፎርሙ ተሰጥቶናል፣ አልከፈልንም። ለቤተሰብ የሚሆን ነፃ ትኬት ይሰጣሉ፤ ትንሹ ወንድሜ ሁለት ቀን ተጫውቶበታል። የወቅቱ መጨረሻ ላይ የሚሰጡት ጉርሻ ትንሽ ነው። ለእሱ ብላችሁ አትቆዩ።

አሁን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እማራለሁ። ዘንድሮም ተመልሼ አመልክቻለሁ። በዚህኛው ዙር ሜሞሪያል ዴይ ከደረሰ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አልገባም ብያለሁ፤ የፈተና ሰሞን ነው። ለሌሎቻችሁ ግን፣ ከአፕሪል የምትጀምሩ ከሆነ፣ የማልችልባቸው ቀኖች የሚለው ሳጥን ውስጥ አፕሪል 20 ብላችሁ አሁኑኑ ጻፉ። በ2025 የኛም የእነሱም ፋሲካ በአንድ ቀን ነው የሚውለው፤ ሚያዝያ 12። ስለዚህ «ኢስተር እኮ አለፈ» የሚላችሁ የለም። ግን ያን ቀን የሚጠይቀው ሠራተኛው ሁሉ ነው። የሚሰጡት ደግሞ ቀድሞ ለጻፈው ነው።